«ቀዩ ይውጣ፣ አረንጓዴው ይቆይ» ላሉት ሊቀ መንበራችን

እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2004
ብሩክቬርደር፣ ቬዘር ወንዝ ዳር

ለክቡር ዶክተር ራይንሆልድ ክሩምቢገል
የነፃ ብሬል ኅትመት ፕሮግራም ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ኢሜይሎቻችንን ስላስዋቡልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ እንዲሁም በጥርስ ሕክምና ክፍልዎ ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች ትዕግሥት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ከቲሮል ተራሮች የበረዶ መንሸራተቻ ጉልበትዎ ሳይነካ በመመለስዎ መላው ማኅበር ደስ ብሎታል፤ ከእኛ መካከል ግን ሳይነካ የቀረ ሁሉም ሰው አይደለም፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ምናልባት ከላይ ሆነው ሲያዩን ሁላችንም አንድ ስለምንመስል፣ ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ ይፍቀዱልኝ። ስሜ ኤክሃርት ዚልማን ይባላል፤ የምድር ባቡር የሰዓት ሠሌዳ ጸሐፊ ነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የማኅበራችን የኢሜይል ቡድን አስተናባሪ ሆኜ አገልግያለሁ። ሰባ አራት አባላት አሉን፤ አንዳንዶቻችን እናያለን፣ አንዳንዶቻችን አናይም፤ ሥራችን የተለመደውን መጽሐፍ ወደ ብሬል የሚለውጥ ፕሮግራም መሥራትና በነፃ ማደል ነው። ይህን ደብዳቤ ለሰባ አራቱም ልኬዋለሁ። በተራ ጽሑፍ ነው የጻፍኩት፤ ቀለም የለውም፣ ሥዕል የለውም፣ የተጋደመ ፊደል የለውም። ዓይንዎን ስለማይማርክ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ። እርስዎ እስከተመረጡበት እስካለፈው ዓመት ግንቦት ድረስ እኛ ምስኪኖቹ የምንጻጻፈው በተራ ጽሑፍ ብቻ ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ መስመር ሲቀየር፣ ከሚወጣው መስመር ፊት የመቀነስ ምልክት፣ ከሚገባው ፊት የመደመር ምልክት እናደርጋለን፤ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል ያነበዋል። ከቁልፍ ሰሌዳዋ ሥር በተዘረጋች፣ አርባ ፊደል በምትይዝ፣ የኮምፒዩተሩን ጽሑፍ ወደ ነጥብ በምትለውጥ የብሬል መስመር ላይ ጣቶቿን እያንሸራተተች የምታነበው ወይዘሮ ገርሊንደ ፎስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመጨረሻ አራሚያችን የነበረችው በዚህ መንገድ ነው። እሷ ሳትነካው የወጣ እትም አልነበረም። እኛ አፍጥጠን ያለፍነውን ስህተት እሷ በጣቷ ትይዘው ነበር፤ ሁለት ክፍት ቦታ አንድ መሆን ሲገባው እንኳ «እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ ማን ቆፈረው?» ብላ ትጽፍልን ነበር። ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት እንደነበር ስላስረዱን እናመሰግናለን።

ያስረዱን በዓመታዊው ስብሰባ፣ ጎመን በቋሊማ እየበላን ሳለ ነው። «የጽሕፈት መኪና ዘመን አለፈ!» አሉ። ከእንግዲህ የቡድኑ መልእክት ያጌጠ፣ ባለሙያዎቹ ኤችቲኤምኤል በሚሉት መንገድ ቀለምና ሥዕል የሚይዝ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ገርሊንደ እጇን አውጥታ «ዶክተር፣ ቀለሙ ጣቴ ላይ ሲደርስ ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ሳቀ። እሷ ግን ለማሳቅ አልነበረም፤ መልሱን ፈልጋ ነው። እርስዎም በዚያ የጥርስ ሐኪም ድምፅዎ፣ ምንም እንደማያም እየማሉ፣ «ወይዘሮ ፎስ፣ ለእርስዎ መፍትሔ የሚያፈላልግ ኮሚቴ እናቋቁማለን» አሉ። ሠላሳ አንድ ለአሥራ ሁለት በሆነ ድምፅ ጸደቀ። ኮሚቴው እስከ ዛሬ አንድ ጊዜም አልተሰበሰበም፤ ቢሆንም ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና የራሱ አርማ ያለው በመሆኑ ኩራት ይሰማናል።

ሁለተኛ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ መልእክት ራስጌ ላይ ስለምትቆመው ሰማያዊ የሽመላ ወፍ ሥዕል በተለየ ሁኔታ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እርስዎ ሐምሌ ላይ «እሺ» የሚል የአንድ ቃል መልስ ልከውልኝ ነበር፤ በስልክ መስመር ኢንተርኔት የምጠቀም ገጠሬ ስለሆንኩ፣ ያቺ «እሺ» ሽመላዋን አዝላ እስክትደርስ ማሰሮው ላይ የጣድኩት ድንች በስሎ ነበር። ለገርሊንደ ደግሞ እያንዳንዱ መልእክት የሚጀምረው «ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሠንጠረዥ፣ ሥዕል» በሚል ዝርዝር ነው፤ ቁም ነገሩን ለማግኘት ሠላሳ አራት መስመር በጣቷ መቆፈር አለባት። አባሎቻችንም ፈጥነው ከርስዎ ተማሩ፤ «መልሴን ከጥያቄህ ሥር በሰማያዊ ጽፌዋለሁ» ማለት ፋሽን ሆነ። ጠያቂና መላሽ በአንድ አፍ የሚናገሩበትን ያን ገበያ እሷ ጥቂት ወራት ታግላ አነበበችው። አንድ ቀን ደውላ «ኤክሃርት፣ ዛሬ አንድ ሰው ራሱን ሰድቦ ራሱን ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁለት ሰዎች ይሆኑ እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ነበሩ።

ሦስተኛውን ቅሬታዬን ከመጻፌ በፊት ውሃ መጠጣት ነበረብኝ።

አቶ ዮርን ታደን ዓይነ ስውራን ልጆችን ሂሳብ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። በኅዳር መጨረሻ ፕሮግራማችን ከዜሮ በታች በሆኑ ቁጥሮች ላይ እንደሚሳሳት ጻፉልን። እርስዎ ማስተካከያውን ራስዎ ሠርተው፣ ሰኞ ታኅሣሥ 1 ቀን ላኩት። በአንድ ቁጥር ብቻ የሚለያዩ ሁለት የፕሮግራም መስመሮች ነበሩ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የመቀነስና የመደመር ምልክታችንን እንደ አሮጌ ኮት አውልቀው ጥለውት፣ አንዱን መስመር ቀይ፣ ሌላውን አረንጓዴ ቀቡትና ከሥሩ «ቀዩ ይውጣ፣ አረንጓዴው ይቆይ» ብለው ጻፉ። የልጆቹ የሂሳብ መጽሐፍ በዚሁ ፕሮግራም ወደ ብሬል ተለውጦ ሐሙስ ጠዋት ማተሚያ ቤት ሊገባ ነበር።

ገርሊንደ ወዲያው «ቀዩ የትኛው ነው?» ብላ ጻፈች። እርስዎም ሰባ አራት ሰው እያነበበ እንዲህ ብለው መለሱላት፦ «ወይዘሮ ፎስ፣ በግልጽ ይታያል እኮ!»

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። ክፋት እንዳልነበረበት አምናለሁ። እየተጣደፉ ነበር፣ የበረዶ መንሸራተቻዎ መኪናው ላይ ታስሯል፣ ባለቤትዎ ጥሩምባ እየነፉ ይሆናል። ግን ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ «ላይኛው ነው» ወይም «ታችኛው ነው» ይበል? በግልጽ የሚታይን ነገር መናገር ሰውን እንደ መናቅ ሆነ። እሷ ማክሰኞ ደግማ ጠየቀች፤ እርስዎ ቲሮል ነበሩ፣ ሌላውም ዝም አለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ኤክሃርት፣ ዓይንህን ለአንድ ደቂቃ አውሰኝ።»

«አንዱ ይበቃሻል ወይስ ሁለቱንም?»

«አንዱ ይበቃኛል። የዶክተሩ መልእክት ላይ ቀዩ የቱ ነው? ላይኛው ወይስ ታችኛው?»

መልእክቱን ከፈትኩ። አየሁት። አሁን ደግሞ ባለቤቴ ሳትሰማው የሞተችውን፣ ለልጆቼም ያልነገርኳቸውን ነገር ለሰባ አራት ሰው ልናገር ነው። እኔ ቀይና አረንጓዴን አልለይም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ባቡር ነጂ ለመሆን ሄጄ፣ ሐኪሙ ባለ ቀለም ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ገልጦ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ሲለኝ የታየኝ የምስር ክምር ብቻ ነበር። «ወጣት፣ አንተን ምልክት መብራት ፊት ማቆም አይቻልም» ብሎ ወደ ጽሕፈት ቤት ሰደደኝ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ባቡር የምወድ፣ ባቡር ያልነዳሁ ሰው ሆኜ የሰዓት ሠሌዳ ጻፍኩ። ማንም ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ስለዚህ በዚያ ረቡዕ ሁለቱ መስመሮች ለእኔ አንድ ዓይነት ጭቃ ነበሩ። «ገርሊንደ፣ አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል አይሞላም። እኔ ግን የሚያይ ሰው ነኛ! እሷ ዓይን ልትዋስ የደወለችው ለእኔ ነው። ላይኛው ትንሽ የጠቆረ መሰለኝና «ላይኛው ነው» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ? እኔ ታችኛው የሚወጣ መስሎኝ ነበር።»

«በዓይኔ እያየሁት!» አልኩ።

«እሺ፣ ካየኸው» አለችና ዘጋችው። ላይኛውን አወጣችው። ቀዩ ታችኛው ነበር።

አራተኛ። በዚህ ምክንያት ከዜሮ በታች የሚባል ነገር ከብሬሉ መጽሐፍ ጠፋ። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክቱ ሊቆም በሚገባበት ቦታ ላይ ባዶ ቀረ። በዚያ መጽሐፍ የጥር ወር ተራሮች ላይ ሙቀቱ አሥራ አራት ዲግሪ ነበር፤ ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ ሀብታም ነበር። አቶ ታደን ስህተቱ ተስተካክሏል ብለው ነበር፤ ዓይናማም ስለሆኑ የሚያስተምሩት ከተለመደው መጽሐፍ ነው፣ ስለዚህ ምንም አላዩም። የግማሽ ዓመቱን ፈተናም በዚሁ በእኛ ፕሮግራም አትመው ሰጡ። ከአሥራ አንዱ ልጆች ዘጠኙ ወደቁ። ልጆቹ ጣታቸው ሥር ለነበረው ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ጽፈዋል፤ አስተማሪው ደግሞ ዓይናቸው ሥር በነበረው ጥያቄ አረሙት።

ቪብከ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለች። ከሁሉም ይልቅ ሂሳብ የምትወደው እሷ ነበረች። ወረቀቷ ሲመለስ አላለቀሰችም፤ ወደ ቢሮ ሄዳ ከክፍሉ እንዲያወጧት ጠየቀች። እናቷን «ጭንቅላቴ ነው የተበላሸው» አለቻቸው። ሳምንት ሙሉ ይህን ይዛ ዞረች። ከሳምንት በኋላ አቶ ታደን ሊያባብሏት ቁጭ አድርገው የመጀመሪያውን ጥያቄ ጮክ ብላ እንድታነብ ጠየቋት።

«አምስት ሲደመር ሦስት።»

«ከዜሮ በታች አምስት እኮ ነው የሚለው፣ ልጄ።»

«የታለ? እዚህ ምንም የለም!» ብላ እጃቸውን ይዛ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። እኚህ ሃያ ዓመት ያስተማሩ መምህር የዚያን ቀን ባዶውን በጣታቸው ዳሰሱት።

አምስተኛ። የካቲት 2 ቀን ለመላው አባል የላኩትን መግለጫ በሚመለከት፣ ቋንቋው የተዋበ መሆኑን ሳልመሰክር ማለፍ አልችልም። «ስህተቱ የተፈጠረው የመጨረሻዋ አራሚ ባለማስተዋላቸው ነው፤ ማየትን ለሚጠይቅ ሥራ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል» ብለው፣ ለዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ አመስግነው አሰናበቷት። ከሥሩ የአበባ እቅፍ ሥዕል ነበረው፤ ቀዩም አረንጓዴውም፣ እንደተነገረኝ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እሷ በቡድኑ ላይ አንድ ቃል አልጻፈችም። «ኤክሃርት ነው የነገረኝ» ማለት ይበቃት ነበር። በየጠዋቱ ኢሜይሌን የምከፍተው ስሜን ለማየት እየተዘጋጀሁ ነበር፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አሥራ አንድ ቀን። ስሜ አልመጣም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከስድብ የበለጠ እንቅልፍ ይነሳል። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ አርብ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቤቷ ሄድኩ።

በሩን እንደከፈተች ገና ሳልናገር «ኤክሃርት፣ ጫማህን ጥረግ፤ በሁለት ሳምንት የዘገየ ሰው ወለሌን አያቆሽሽም» አለችኝ።

ኩሽናዋ ውስጥ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐኪሙን፣ ነጠብጣቡን፣ ጭቃውን። ስጨርስ ሳቀች። ፈጽሞ ያልጠበቅሁት ሳቅ ነበር።

«ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ መሪው መነጽር ሲያደርግ ግን ገና ማየቴ ነው!»

«ገርሊንደ፣ እባክሽ አትቀልጂ። ስሜን ለምን አልጠራሽም?»

«ምን ይጠቅመኛል? አንተንም ያባርሩሃል፣ እኔንም አይመልሱኝ።» ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ደግሞ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ የሠራሁ ሴት ነኝ። ላይኛው ከማለትህ በፊት ትንፋሽህን ያዝክ። የሚያይ ሰው ትንፋሹን አይዝም።»

«ታዲያ ለምን አመንሽኝ?»

«ደክሞኝ ነበራ!» አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ስንቴ ልጠይቅ? ሰኞ ጠየቅሁ፣ ማክሰኞ ጠየቅሁ። ሰባ ሰው ባለበት ቤት አንድ ቀለም ለማወቅ እንደ ለማኝ በር ለበር ልዙር? አንዱ ሰው መልስ ሰጠኝ፣ ወሰድኩት። ጣቴ አይደለም ሲለኝ ዓይንህን አመንኩ። ያናደደኝ አንተ አይደለህም፤ እኔ ራሴ ነኝ።»

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ይህን ሰምቼ ወደ ቤት የተመለስኩት በእግሬ ነው።

ስድስተኛ። በማግስቱ እውነቱን ጽፌ ለእርስዎ ለብቻዎ ላክሁ። በስድስተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቋት፤ ፈጣን ነዎት። ያውም በገዛ እጅ ጽሑፍዎ፣ በቀለም ብዕር፣ በወፍራም ወረቀት ላይ፤ ከዚያ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው፣ ፎቶውን ኢሜይሉ ላይ ለጥፈው ላኩላት። ሌላ አንድም ፊደል አልነበረበትም።

ስልኬ ጮኸ። «ኤክሃርት፣ ዶክተሩ ሁለት ሥዕል ላከልኝ። አንዷ ሽመላዋ ናት፣ እሷን ለምጃታለሁ። ሌላው ምንድን ነው?»

አምስቱን መስመር በስልክ አነበብኩላት። «ስሜታቸው የተነካ ካሉ» የሚለው ላይ ስደርስ «ቆይ፣ ካሉ ነው የሚለው?» ብላ አስደገመችኝ። ከዚያም «ጥሩ ነው። ለፎቶ የተጸጸተ ሰው ነው» አለችና ስለ አየሩ ጠየቀችኝ።

እርስዎ ይህን ሁሉ ሳያውቁ፣ ገርሊንደ በተከታዮቹ ሁለት ቅዳሜዎች በባቡር ወደ አቶ ታደን ትምህርት ቤት ሄዳለች። እኔም የብሬል መውጊያዎቹን ተሸክሜ አብሬያት ነበርኩ። አሥራ አንዱም ልጆች መጻሕፍታቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ እሷ ገጹንና መስመሩን ትጠራለች፣ እነሱ በባዶው ቦታ ላይ የጎደለውን ምልክት በመውጊያ ይወጋሉ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ምልክት ነበር። መጀመሪያ ላይ ቪብከ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ «እኔ ከክፍሉ እየወጣሁ ነው» አለች።

ገርሊንደ «እኔም ከማኅበር ተባርሬያለሁ። እስክንወጣ ድረስ ግን እጃችን ምን ይሥራ?» አለቻት።

ልጅቷ መውጊያውን አነሳች። ሁለተኛው ቅዳሜ ሊያልቅ ሲል ድንገት «ወይዘሮ ፎስ፣ ገጽ ሰባ ሁለት ላይ አንድ ዘለሉ!» ብላ ጮኸች። ገርሊንደ ዳሰሰችው። እውነት ነበር። ልጅቷ እስኪመሽ ድረስ እንዲህ ያሉ ሰባት አገኘች፣ ገርሊንደም በእያንዳንዱ እየተናደደች፣ ሳቋንም መደበቅ እያቃታት አጨበጨበችላት። ፈተናው ባለፈው አርብ እንደገና ተሰጠ፤ አሥራ አንዱም አልፈዋል። ቪብከ ማመልከቻዋን መልሳ ወስዳለች።

እንግዲህ የምለምነው አጭር ነው። የካቲት 2 ቀን የላኩት መግለጫ ሐሰት መሆኑን፣ ስህተቱ የእኔ ውሸትና የእርስዎ ቀለም የወለዱት መሆኑን፣ ወይዘሮ ገርሊንደ ፎስ ሁለት ጊዜ ጠይቃ መልስ እንደተነፈገች፣ ለሰባ አራቱም አባላት በተራ ጽሑፍ እንዲጽፉ። «ካሉ» የምትለው ቃል እንዳትኖርበት። እንድትመለስ ግን አይጋብዟት፤ ጠይቄያት «ዘጠኝ ዓመት ይበቃል» ብላኛለች። አቶ ታደን ለትምህርት ቤቱ ማተሚያ አራሚ አድርገው ወስደዋታል፤ ባለፈው ሳምንት ሥራ ጀምራለች። እኔም ከዛሬ ጀምሮ የአስተናባሪነት ቁልፉን መልሻለሁ፤ ሰው ዓይን ሲዋሰው የሌለውን የሚያበድር አስተናባሪ ለማንም አይበጅም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ውበት አስተያየትዎ፣ እንዲሁም በሕይወቴ አንድ ጊዜ እውነቱን እንድናገር ስላስገደዱኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ከወንበርዎ ከፍታ አንፃር በሚገባኝ ዝቅታ፣

ታዛዥዎ የነበረ፣
ኤክሃርት ዚልማን
ቀለም የማይለይ ጡረተኛ

ግልባጭ፦
– ለሰባ አራቱም አባላት
– መፍትሔ ለሚያፈላልገው ኮሚቴ (ከተገኘ)

ማስታወሻ፦ በገርሊንደ ምትክ የሾሟቸው ሁለቱ ዓይናማ አራሚዎች አይተው ያጸደቁት የመጋቢት እትም የብሬል መመሪያ ደርሶኛል። ከገጽ አርባ ቀጥሎ አርባ ሁለት ይመጣል። ይህን ያገኙት ብሬመን የሚኖሩ የሰማንያ ዓመት ዓይነ ስውር አዛውንት ናቸው፤ ቅሬታቸውን የጻፉት ግን ለእርስዎ ሳይሆን ለእሷ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «መልስ ፈልጌ ነዋ!» አሉኝ።